ራ ኩካማና በር ብቻ የነበረው ግቢ

ሞጋፒ ዘመኑን ሁሉ ሐሰት ከአፉ ያልወጣ፥ የሰው ድንበር ያልገፋ፥ በሰንበት ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያልታጣ ሰው ነበረ። ፈጣሪ ግን ሰው ራሱን እንደ መልአክ ቈጥሮ እንዳይስት ለእያንዳንዱ አንዳች ጉድለት ያስቀርለታል። ለሞጋፒ ያስቀረለት ጉድለት አራት ጎማ ነበረው።

በጉዌታ መንደር የወለደ ሰው ከዚያ ወዲያ በገዛ ስሙ አይጠራም፤ በበኩር ልጁ ስም ይጠራል እንጂ። አባት «ራ» ይባላል፥ እናት «ማ» ትባላለች፥ የልጁም ስም ይከተላል። የሞጋፒ በኩር ዋሜ ናት። ስለዚህ ሚስቱ ሞሲዲ እንደ ደንቡ ማ ዋሜ ተባለች። እርሱ ግን ራ ዋሜ መባል ሲገባው ራ ኩካማ ተባለ። ኩካማ ልጅ አይደለችም። በአገሩ ቋንቋ ሳላ ማለት ነው፤ ያ ውኃ ሳይቀምስ በረሃውን የሚያቋርጠው ባለ ረዥም ቀንድ አውሬ። ሞጋፒ ይህን ስም የሰጠው ለአሮጌ ፒካፑ ነበር።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የውኃ ጉድጓድ ለሚቈፍሩ የመንግሥት ሠራተኞች ሾፌር ሆኖ ከአንዱ የበረሃ ጣቢያ ወደ ሌላው ሲዞር ኖረ። በመጨረሻ ጡረታ በወጣበት ወር ይነዳት የነበረችው መኪናም አርጅታለች ተብላ ለጨረታ ቀረበች። ሞጋፒ ያለውን አውጥቶ ገዛት። «መንግሥት ሁለታችንንም ባንድ ጊዜ አሰናበተን፤ እርስ በርሳችን ካልተጧጧርን ማን ይጦረናል?» አለ። ከዚያም ሚስቱን አሳፍሮ ሚስቱ ወደ ተወለደችበት ወደ ጉዌታ መጣ። የመንደሩ ሰው ከእርሱ በፊት ያየው መኪናዋን ነበርና፥ ወር ሳይሞላ ስሙ በእርሷ ተሰየመ። ልጁ ዋሜ በሌትላካኔ ሆስፒታል ነርስ ሆና ስለምትሠራ ለመንደሩ እምብዛም አልታወቀችም ነበር።

በጡረታው የመጀመሪያ ዓመት መኪናዋን እንደ ሙሽራ አስጌጣት። ወፍራም ሸራ በወስፌ እየሰፋ፥ ጣሪያዋ ላይ ተጣጥፎ የሚቀመጥ፥ ሲዘረጋ ለሁለት ሰው የሚበቃ ድንኳን ሠራላት። በኋላ መጫኛዋ ላይ የሚሳቡ መሳቢያዎች ገጠመ፤ አንዱን ለድስትና ለማንኪያ፥ አንዱን ለሻይ ቅጠልና ለስኳር፥ አንዱንም ለመፍቻና ለሽቦ። በጎኗ ቧንቧ ያለው የውኃ በርሜል አሰረ። ከኋላ ወንበሯ ላይ በባትሪ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ሳጥን አስቀመጠ። ሞሲዲ ሳጥኑን ከፍታ ውስጡን አየችና፥ «እኔ በወንድሜ ግቢ እርጎዬን በርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ጥላ ፍለጋ ስዞር እውላለሁ። ኩካማ ግን ማቀዝቀዣ አላት። በሚቀጥለው ሕይወቴ መኪና ሆኜ ብመጣስ?» አለች።

ነገሩ እውነት ነበር። ሁለቱ ባልና ሚስት የሚኖሩት በሞሲዲ ታላቅ ወንድም በሴቢና ግቢ፥ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። የራሳቸው መሬት ግን ነበራቸው። ሞሲዲ ወጣት ሳለች ለመሬት አመልክታ፥ ዓመታት ወረፋ ጠብቃ፥ ሞጋፒ ጡረታ በወጣበት ዓመት ተፈቅዶላት ነበር። በወረቀቱ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ቤት ካልቆመበት መሬቱ ተመልሶ ወረፋ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይሰጣል። ሞጋፒ ወረቀቱ በደረሰው ሳምንት ሥራ ጀመረ። ዙሪያውን አጠረ። ሁለት የሳላ ቀንድ የሚመስሉ ብረቶች የተበየዱበት፥ መንደሩ ሁሉ መጥቶ ያደነቀው የብረት በር አቆመ። ቀጥሎም በስድስት ምሰሶ ላይ ቆርቆሮ መታና ለኩካማ ጥላ ሠራላት። እዚያ ላይ ሥራው ቆመ።

በአራተኛው ዓመት ከመሬት ቢሮው አንዲት ወጣት ተቈጣጣሪ መጣች። በበሩ ገብታ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አየች።

«አባቴ፥ ቤቱ የታለ?»

«ይኸው፤ ከፊትሽ።»

«ይህ እኮ የመኪና ጥላ ነው።»

«መኪናዋ ውስጥ እንተኛለን። ስለዚህ የመኝታ ቤት ጣሪያ ነው።»

ልጅቱ ሳቋን በያዘችው ማኅደር ሸፈነችና፥ «አባቴ፥ እኔ ብጽፍልዎ አለቃዬ አያነብልኝም። አንድ ዓመት ቀርቶዎታል» ብላ ሄደች።

ሥራው የቆመው ሞጋፒ ሰነፍ ስለ ነበረ አልነበረም። ልቡ ሌላ ስፍራ ስለ ነበረ ነው። ከጉዌታ በስተ ደቡብ የጨው ሜዳው ይጀምራል፤ ዛፍ የለበትም፥ ድንጋይ የለበትም፥ ነጭ ሆኖ እስከ ሰማይ ጫፍ ይሄዳል። ሞጋፒ ኩካማን እዚያ መካከል አቁሞ ሞተሯን ሲያጠፋ የገዛ ደሙ በጆሮው ሲያልፍ ይሰማዋል። እዚያ ቆሞ የሚጸልየው ጸሎት መካከል ላይ የሚያስነጥስ፥ የሚያዛጋ፥ ሕፃን የሚያባብል ሰው ስለሌለበት፥ ከምድር ሁሉ ለፈጣሪ ቅርብ የሆነው ስፍራ ይህ ይመስለው ነበር። በዝናብ ወራት ውኃ ሲተኛበት ፍላሚንጎዎች መጥተው ሜዳውን እንደ ጽጌረዳ ያለብሱታል። ሞሲዲ ራሷ በመጀመሪያው ዓመት ይህን ባየች ጊዜ ጫማዋን አውልቃ ውኃው ውስጥ ቆማ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግን ወገቧን ይዛ፥ «እግዚአብሔር እዚህ እንዳለ አምናለሁ። እዚያ መሬታችንም ላይ ይኖራል፤ ግን እርሱም ቢሆን ጥላ ሥር መኪና አጠገብ ተቀምጦ አንተን እየጠበቀ ነው» አለችው።

ሞሲዲ አንድ የምትሳሳለት ነገር ነበራት፤ በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ የተተከለች የሎሚ ችግኝ። ከጣቢያ ጣቢያ ስትዘዋወር በጭኗ አቅፋ ታጓጉዛት ነበር። ሎሚዋ በቆርቆሮ ውስጥ ከመቀመጧ የተነሣ እንደ አሮጊት ጎብጣ፥ ፍሬ የሚባል ነገር አፍርታ አታውቅም።

አንድ ምሽት ሦስቱ የማሽላ ገንፎ ከብበው ሳለ ሴቢና ነገር ጀመረ። ሴቢና ጨዋታ አዋቂ ነበረ፤ ምላሱ ግን ሳይሳል የሚቈርጥ ነው።

«አማቼ» አለ፥ «ቀንድ አውጣ ቤቷን ተሸክማ ትሄዳለች። አንተን ግን ቤትህ ተሸክማህ ትሄዳለች። ከእናንተ ማነው የተሻለው?»

«ተረትህን ተውና እንደ ክርስቲያን እንነጋገር» አለ ሞጋፒ። «የጥፋት ውኃ በመጣ ጊዜ ያ ጻድቅ ሰው የሠራው ምን ነበር? ቤት ነው መጓጓዣ?»

ሴቢና ገንፎውን እያላመጠ አሰበ። «ሁለቱም ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ!»

ሞሲዲ ሳህኗን አስቀመጠች። «እንዲያውስ ውኃው ሲጎድል እዚያው መርከቡ ላይ ቀረ እንዴ? ወረደ፥ መሬት ቈፈረ፥ ወይን ተከለ።»

«ወይን በመትከሉ ደግሞ ምን እንደ ደረሰበት ታውቂያለሽ» አለ ሞጋፒ። ሴቢና በሳቅ ገንፎው ትን አለው፤ ሞሲዲ ግን አልሳቀችም።

በፋሲካ ሰሞን ዋሜ መጣች። ካቴጎ ከሚባል የሴሮዌ ሰው፥ ከአንድ አስተማሪ ጋር ተስማምተው ነበርና አጎቶቹ እጇን ለመጠየቅ ሊመጡ ነው። አባቷ በኩካማ ሥር ተኝቶ ባሊስትራ ሲያጠብቅ አገኘችው፤ አጠገቡም ተንበረከከች።

«አባባ፥ አንድ ነገር ልለምንዎ።»

«ተናገሪ ልጄ፤ እየሰማሁ ነው።»

«መጀመሪያ ይውጡ።»

ወጣ፤ ፊቱ ግራሶ በግራሶ ሆኖ።

«የካቴጎ ሽማግሌዎች ሲመጡ በማሎሜ በር እንዲገቡ አልፈልግም። በእርስዎ በር ይግቡ።» ማሎሜ የእናቷ ወንድም ሴቢና ነው፤ በዚያ አገር ስለ እኅቱ ልጅ ጋብቻ የሚናገረው እርሱ ቢሆንም፥ ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ግን ወደ አባቷ ግቢ ነው፥ የሚቀመጡትም በአባቷ ሎልዋፓ ነው፤ በዝቅተኛ የጭቃ ግንብ በተከበበው የቤቱ አደባባይ።

ሞጋፒ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «በእኔ በር ይገባሉ» አለ። «ቃሌ ነው።» ዋሜ የአባቷ ቃል ምን እንደ ሆነ ታውቅ ነበርና ተነሥታ ሄደች።

ሊሠራም አስቦ ነበር። ለሲሚንቶ የሚሆነውን አዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ በርትቶ ጣለ፤ በጨው ሜዳው ላይ ፍላሚንጎው ከልክ በላይ ወረደ የሚል ወሬ መጣ። «አንድ ሳምንት ብቻ» ብሎ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ኩካማ እስከ በሯ ጭቃ ውስጥ ሰጠመች፥ ባሊስትራዋም ተሰበረ። በሦስተኛው ሳምንት በከብት ጠባቂዎች አህዮች ተጎትታ ተመለሰች። የሲሚንቶው ገንዘብ ባሊስትራ ሆነ። የሽማግሌዎቹም ቀን ደረሰ፤ በግቢው ውስጥ በርና ጥላ ብቻ ነበር።

«እሺ፥ በበሩ ይግቡ» አለች ሞሲዲ። «ከገቡ በኋላስ? መለዋወጫ ጎማ ላይ ላስቀምጣቸው?»

ስለዚህ እንግዶቹን በሴቢና ግቢ እንዲቀበሏቸው ተወሰነ። ሞጋፒ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። በስልሳ ሦስት ዓመቱ የመጀመሪያውን ሐሰት ተናግሮ ነበር፤ የተናገረውም ለልጁ ነው።

የካቴጎ ሽማግሌዎች ዘጠኝ ነበሩ፤ አምስት ወንዶች በኮትና በባርኔጣ፥ አራት ሴቶች ብርድ ልብስ አሸርጠው፥ ነጠላቸውን በመርፌ ቈልፈው። የወገኑ ታላቅ ራ ቲሮ ይባላል። ወጣቱ ካቴጎ ስልክ ይዘው እንዲሄዱ ቢለምናቸው፥ «አባቶቻችን በስልክ ሚስት አልጠየቁም፤ መንገድ ጠይቀው ነው የሄዱ» ብሎት ነበር። ደንቡ ከፀሐይ በፊት በሙሽራዪቱ በር መድረስ ነው። ሰማዩ መገርጣት ሲጀምር ጉዌታ ገቡ፥ ውኃ ለመቅዳት የወጣች ሴትም አገኙ።

«የራ ዋሜ ግቢ በየት በኩል ነው?»

«በዚያ ጋ፤ ሰማያዊ በር አለው» አለች። እርሷ የምታውቀው ራ ዋሜ አንድ ነበር።

ሰማያዊውን በር የከፈተው ብርድ ልብስ የደረበ፥ ዓይኑ ያልተገለጠ ወጣት ነው። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጎነበሱ። ራ ቲሮም በአገሩ ሁሉ ለዚህ ጉዳይ የሚባለውን ተናገረ፤ «የውኃ መቅጃ ቅል ፍለጋ መጥተናል። በዚህ ቤት ዋሜ የምትባል ልጅ አለች ብለውናል።»

ወጣቱ እንቅልፉ ጠፋ። ዘጠኙን ሰዎች አንድ በአንድ አየ። ወደ ቤቱ ገባና አውራ ጣቷን የምትጠባ ሕፃን ታቅፎ ወጣ።

«አባቶቼ» አለ፥ «ቅሉ ይኸውላችሁ። ግን ገና አልደረቀም። ባለፈው ወር ነው ሁለተኛ ጥርሷን ያበቀለችው።»

ከሴቶቹ አንዷ አፏን በነጠላዋ አፈነች። ራ ቲሮ ባርኔጣውን በእጁ ላይ ሦስት ጊዜ አዞረ። «ሌላ ራ ዋሜ በዚህ መንደር የለም?»

«እኔ እንጃ። እኔ ብቻ ነኝ።»

የወጣቱ ሚስት ግን ከውስጥ ጮኸች፤ «ማ ዋሜ የምትባል አለች እኮ! የሴቢና እኅት! የራ ኩካማ ሚስት!»

«ታዲያ ባሏ ራ ኩካማ ከሆነ እርሷ እንዴት ማ ዋሜ ሆነች?» አለ ራ ቲሮ ግራ ገብቶት።

«ረጅም ታሪክ ነው አባቴ። አንዷ ልጅ ናት፥ አንዷ መኪና።»

ከሴቢና በር ሲደርሱ ፀሐይ ከሞፓኔው ዛፎች በላይ ወጥታ ነበር። ሴቢና በአዲስ ኮቱ በሩ ላይ ቆሞ ሰማዩን ተመለከተ፥ ከዚያም እነርሱን።

«ከፀሐይ በፊት የመጣ ልጅ ይጠይቃል» አለ። «ከፀሐይ በኋላ የመጣ ዕቃ ይሸጣል። ምን ይዛችሁልን መጣችሁ? ሳሙና ነው ብርድ ልብስ?»

«ከፀሐይ በፊትማ በመንደራችሁ ነበርን» አለ ራ ቲሮ ሳይቈጣ። «ራ ዋሜ ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ካጣን ጥፋቱ የእኛ ነው?»

ሴቢና አንገቱን ዞር አድርጎ ሞጋፒን አየው። ሞጋፒ መሬት መሬት አየ። ሽማግሌዎቹ በክብር እርጎና ገንፎ ቀረበላቸው፤ ነገር ግን ቃላቸው አልተሰማም። ከመከር በኋላ እንዲመለሱ ተባሉ።

ዋሜ እንግዶቹ ሲሄዱ አላለቀሰችም። ወደ አባቷ መጥታ ቆመች።

«አባባ፥ በመዘግየቱ አላዘንኩም። ራ ዋሜ ማነው ተብሎ ሲጠየቅ ጥርስ ያልጨረሰችው ሕፃን አባት ተገኘላት፤ እኔ ግን አልተገኘልኝም።» ከዚያም ቀስ ብላ ጨመረች፤ «የሰው የአባቱ ግቢ ጥቁርና ነጭ ጋሻው ነው ይሉ የለ? የኔ ጋሻ ጎማ አለው። ስፈልገው መንገድ ላይ ነው።»

በማግሥቱ ሞጋፒ ኩካማን አጠባት፥ ወለወላት፥ መስታወቷ ላይ «የሚሸጥ» የሚል ካርቶን ለጠፈ፥ መንገደኞች ነዳጅ ወደሚቀዱበት ወደ አውራ ጎዳናው ነዳት። ሴቢና ሳይጠራ ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ። «ልትሸጥ ሄደህ ተጨማሪ ጎማ ገዝተህ እንዳትመለስ ነው» አለ።

ከቀትር በፊት ሁለት ነጮች መጡ፤ ሄንድሪክ የሚባል አንገቱ በፀሐይ የቀላ ሽማግሌና ሚስቱ አኔሊ። ቤታቸውን ሸጠው በመኪና አገር ለአገር መዞር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በሰሜን በኩል ዝንጀሮዎች ድንኳናቸውን ቀደውባቸው አሁን ተቀምጠው ነው የሚያድሩት። ሄንድሪክ ኩካማን ዞሮ ባየ ጊዜ ዓይኑ በራ።

«ችግር አላት?» አለ።

ሞጋፒ ያን ጊዜ ስለሚወዳት መኪና እውነቱን መናገር ጀመረ። «ሦስተኛ ማርሽዋን በእጅ ካልያዟት ታመልጣለች። ሻንሲዋ ሁለት ቦታ ተበይዷል። በስተ ግራ ያለው በር የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። ዳገት ላይ ካቆሟት ድንጋይ ይፈልጉላት። በብርድ ቀን ለመነሣት ልመና ትወዳለች።»

«አንተ ሰው!» አለ ሴቢና በገዛ ቋንቋቸው። «እየሸጥካት ነው ወይስ እየተናዘዝክላት?»

«ጠየቀኝ፤ መለስኩ።»

«እውነት እኮ በመጠኑም ይነገራል!»

አኔሊ በዚህ መካከል መሳቢያዎቹን እየሳበች፥ የድንኳኑን ስፌት በጣቷ እየዳሰሰች ነበር። ወደ ሞጋፒ ዞረች። «ይህን ሁሉ የሠራህ ሰው ቤትህ ምንኛ ያማረ ይሆን! የት ነው?»

ሞጋፒ ሐሰት አይናገርም። «በር አለን» አለ።

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ፊቱን ስታይ ግን ሳቋን ተወች። ከቦርሳዋ አንድ ያረጀ ቁልፍ አወጣች። «እኛ ደግሞ ቁልፍ አለን» አለች። «በሩ የሌላ ሰው ሆኗል። ለምን እንደምይዘው አላውቅም። መዞሩን እወደዋለሁ፤ ግን አንዳንድ ጠዋት ስነቃ እጄ ይህን ይፈልጋል።»

ሞጋፒ ቁልፉን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፥ በሁለት እጁም መለሰላት። የሞሲዲ ሎሚ ትዝ አለችው፤ በየጣቢያው በጭኗ ተቀምጣ የዞረችው፥ ሥር ልትሰድ መሬት ያጣችው። ስንት ዓመት ሙሉ ያቺን ቆርቆሮ አይቶ እንዳላያት ያን ቀን ገባው።

ሄንድሪክ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወዳጄ፥ መኪናህን አልገዛም፤ ራስህ አስፈራራኸኝ። የእኔዋ ጤነኛ ናት። ነገር ግን ድንኳኑን፥ መሳቢያዎቹን፥ በርሜሉን፥ ማቀዝቀዣውን፥ በእጅህ የሠራኸውን ሁሉ እገዛለሁ። በእነርሱ ላይ የምትናዘዘው አለ?»

ሞጋፒ ብዙ አሰበ። «የለም» አለ። «ድንኳኑ እንከን የለውም።»

ብሎኑን አንድ በአንድ የፈታው ራሱ ነው። ድንኳኑን ሲያወርድ ሴቢና ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የአማቹን እጅ አይቶ ዘጋው፥ መጥቶም በሌላው ጫፍ ያዘለት። ወደ ግቢ ሲመለሱ ሞሲዲ ወጥታ ራቁቷን የቀረችውን ኩካማ አየች።

«ተላጨች እንዴ? ማን ሞቶባት ነው?» አለች፤ በዚያ አገር ኀዘንተኛ ጠጉሩን ይላጫልና።

«ድንኳኗ» አለ ሞጋፒ። «ነገ ሲሚንቶ እናመጣለን።»

ሞሲዲ ሎሚዋን ከጥግ አንሥታ ውኃ አጠጣቻት።

በማግሥቱ ሞጋፒ የመጀመሪያውን ሲሚንቶ ሊጭን ሲል መጫኛው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፈ፤ ቀለሟ እንዳይጫር ነው። ሞሲዲ ብርድ ልብሱን ጎትታ አወጣችው። «ሲሚንቶ አይበርደውም!» ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩካማ አህያ ሆነች። አሸዋ ጫነች፥ ጠጠር ጫነች፥ ብሎኬት፥ ውኃ፥ ቆርቆሮ። ሞጋፒ በአንድ እጁ መሪውን በአንድ እጁ ሦስተኛ ማርሽን ይዞ ከአሸዋው ጉድጓድ እስከ ግቢው ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰ ፈጣሪ ይወቀው። ድንጋጤው ያልወጣለት የሕፃኗ ዋሜ አባት መጥቶ ጭቃ አቦካ፤ «አባቴ፥ ይህ ቤት ቶሎ ካላለቀ ልጄን ይወስዱብኛል» እያለ። ግንበኛው ሁለት ክፍል አቆመ። ሞሲዲና የመንደሩ ሴቶች ደግሞ ሎልዋፓውን በጭቃና በእበት አስተካክለው ለቀለቁት፤ ገና ርጥብ ሳለ በጣታቸው እንደ ፍላሚንጎ ክንፍ ያለ መሥመር እየሳቡበት። ተቈጣጣሪዋ ልጅ መጥታ ማኅደሯን ከፈተች፥ ወደ ጥላው እያየችም፥ «መኝታ ቤቱ ይህ ነው አሉኝ እኮ ባለፈው» አለች። ሞጋፒ፥ «አድገን ነው» አለ።

መከሩ ገባ። ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሡ ዋሜ በካቴጎ በኩል አንድ ቃል ላከችላቸው፤ «ራ ዋሜን አትጠይቁ። ራ ኩካማን ጠይቁ።»

ገና ጎሕ ሳይቀድ መጡ። በሰማያዊው በር ያ ወጣት ብርድ ልብሱን ደርቦ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። ገና ከሩቅ ሲያያቸው ሁለት እጁን እያወዛወዘ፥ «እኔ አይደለሁም! እለፉ! የቀንድ በር እስክታዩ እለፉ!» እያለ አሳለፋቸው። ጎረቤቱ፥ የጎረቤቱ ጎረቤት፥ ዘበኛው፥ ሁሉም ጣቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ቀሰረ። ኮከቦቹ ገና ሳይጠፉ በሳላው ቀንድ በር ፊት አጎነበሱ።

አባት በእንዲህ ያለ ቀን አይናገርም። ሞጋፒ በአዲሱ ክፍል ውስጥ፥ ገና መስታወት ባልገባለት መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። የኖራው ሽታ በአፍንጫው ነበር።

ሴቢና ኮቱን አስተካክሎ፥ «ማን ናችሁ? ምንስ ፈልጋችሁ መጣችሁ?» አለ።

«የውኃ መቅጃ ቅል ፍለጋ መጥተናል» አለ ራ ቲሮ። «ባለፈው የራ ዋሜን ቤት ፈልገን አጣን። ዛሬ የራ ኩካማ ቤት ብንል የመንደሩ ውሻ ሳይቀር መራን።»

«ታዲያ የማንን እጅ ልትጠይቁ ነው?» አለ ሴቢና፥ ፊቱ እንደ ዳኛ ጠጥሮ። «የመኪናዋን ከሆነ ሦስተኛ ማርሽዋ አይይዝም።»

«ለእርሷ የሚበቃ ከብት የለንም። ዋሜን ፈልገን ነው የመጣነው፤ የዚህን ቤት ልጅ።»

ከመስኮቱ ውስጥ እንደ ሳቅም እንደ ለቅሶም ያለ ድምፅ ወጣ። ሴቢና ለመሸፈን ጮክ ብሎ ሳለ። ከዚያም በሩን በሁለት እጁ ከፈተው፥ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ዘጠኙም በሞጋፒ በር ገብተው በሞጋፒ ሎልዋፓ ተቀመጡ። ፀሐይ ስትወጣ ያገኘቻቸው ተቀምጠው ነው።

ዋሜ ወደ ክፍሉ ገብታ በአባቷ አጠገብ ቆመች። እርሱ ቃሉን ስለ ፈጸመ ሌላ ቃል አላስፈለገውም ነበር። እርሷም ኮቱ ላይ ያለውን የኖራ ዱቄት በእጇ አራገፈችለት።

መንደሩ እስከ ዛሬ ራ ኩካማ ነው የሚለው፤ የመንደር አፍ አንዴ የተናገረውን አይመልስምና። በዚያው ዓመት ግን፥ ሎሚዋ በሎልዋፓው ጥግ መሬት ገብታ አዲስ ቅጠል ካወጣች በኋላ፥ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ፤ ፍላሚንጎው መጣ ተባለ። ሞጋፒ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ግድግዳ ሲቀባ ዋለ። ሞሲዲ ከቤት ወጣች፤ በራሷ ላይ የተጠቀለለ ፍራሽ ተሸክማለች። ወደ ጥላው ሄዳ በኩካማ መጫኛ ላይ ወረወረችው።

«ራ ዋሜ!» ብላ ተጣራች። ጉዌታ ከገቡ ጀምሮ በዚህ ስም ጠርታው አታውቅም። «ምን ትጠብቃለህ? ወፎቹ ሊሄዱ ነው።»

ብሩሹን ይዞ ቀረ። «ድንኳን እኮ የለንም። ቢዘንብስ?»

«ቢዘንብ እንመለሳለና» አለች ሞሲዲ፥ በውጭ በኩል ብቻ የሚከፈተውን በር ለራሷ እየከፈተች። «ቤት አለን አይደል?»

የሞጋፒንና የሞሲዲን ደጅ እንግዳ አያጣው፤ እንግዳውም ሳይጠፋበት ይድረስ። ሎሚያቸው ያፍራ፤ ልጃቸው በሄደችበት ትባረክ፤ የኩካማም ሦስተኛ ማርሽ፥ የእግዚአብሔር ፈቃድ ቢሆን፥ የልጅ ልጅ እስኪታቀፉ ድረስ ይጽና። አሜን።